ዓሣ የሚመልሰው የሽንኩርት ከረጢት

ጎረቤቴ ባሕር የሚፈራ ሰው ነበር። ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱ ለሰው ሁሉ ሲያወራው የኖረ ነገር ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው። ጅቡቲ መጥቶ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የሽንኩርትና የድንች ጅምላ ሱቅ ከፈተ፤ ባሕሩ ከሱቁ የአጭር መንገድ ያህል ርቆ ሳለ ለብዙ ዓመት እግሩን እንኳ አልነከረበትም። «ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ምን አጥቼ እገባበታለሁ?» ይል ነበር። ያን ሰው ካያክ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ጠቅልሎ ድሬዳዋ ሲገባ ከባሕሩ መለየት ሲያስለቅሰው ያየሁትም እኔው ነኝ።

ካያኳን የገዛኋት ወደ አገሩ ለመመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ ብርቱካንማ ቀለሟን ፀሐይ ያነጣው የፕላስቲክ ታንኳ ናት። ያኔ ሐኪም «ቦርጭህን ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ» ብሎኝ ነበር። የምሠራው ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ፣ መጋዘን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮንቴይነር ሲከፈትና ሲዘጋ ቆሞ ማየትም እንቅስቃሴ ነው ብዬ ብከራከር አልሰማኝም። ካያኳን ይዤ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ይቺ አንተን ትችላለች?» አለችኝ። ሁለት ሰው ትችላለች አልኳት። «ሁለት ሰው ማለት እኮ አንተ ነህ» አለችና ገባች። በእልህ ሁለተኛ ሰው አስቀምጬ ላሳያት ቆረጥኩ።

ሁለተኛው ሰው ሩቅ አልነበረም። አምቡሊ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው፤ በሁለቱ ግቢ መካከል ተዘግታ የማታውቅ አንዲት በር አለች። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን ድሬዎች አንቱታ አይወዱም፤ ገና የተዋወቅን ዕለት «አንተ» ብሎኝ፣ እኔ «እርስዎ» ስለው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ። ካያኳ ያለ እሱ ፒክአፕ ባሕር አትደርስም ነበር። ሽንኩርት የሚያመላልስበትን መኪና አምጥቶ፣ ከዶራሌ ወደብ አልፎ ወዳለው ዳርቻ አድርሶኝ፣ እስክመለስ ድረስ አሸዋው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቀ። ከዚያ መጠበቁ ሰለቸውና «እንግዲህ ከሞትኩም ከምታውቀው ሰው ጋር ነው» ብሎ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ዱዓ ሲያደርግ ዋለ። በወሩ ከእኔ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ሆነ።

ስለ ምግባችን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች፤ ስለዚህ ሥጋ አንበላላም። አገር ቤት ያለ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። ለፋሲካ ከእኛ ቤት ወደ እነሱ የምትሄደው ዶሮ ከነነፍሷ ነው፤ ራሳቸው አርደው ይበሏታል። ለዒድ ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣው ጠቦትም በእግሩ ነው የሚመጣው። አንድ ዓመት የላኩልን ጠቦት ገመዱን በጥሶ በዚያችው በር ተመልሶ እነሱ ግቢ ገባ። «አየህ፣ አውቆ መረጠ» እያለ እስከሚቀጥለው ዒድ አሾፈብኝ።

ዓሣ ግን አይታረድም። ማንም የአምላኩን ስም ሳይጠራበት የሚሞት ነገር ስለሆነ እነሱም ይበሉታል፣ እኛም እንበላዋለን። እሱንም ቢሆን በድስት አይደለም። ባለቤቴ የሌላ እርድ የገባበት ድስት ውስጥ የተሠራ ነገር አትቀምስም፤ የእሱም ባለቤት የእኛን ድስት እንደዚያው። ስለዚህ በሩ አጠገብ ከሰል አቀጣጥለን፣ ለዓሣ ብቻ በተለየ ፍርግርግ ላይ እንጠብሳለን፤ ሁላችንም ቆመን በእጃችን እንበላለን። «ከሰሉን ደግሞ ማን ያጠምቀዋል!» ይላል እሱ፣ ሁልጊዜ፣ አዲስ ቀልድ እንደሆነ ሁሉ።

ሁለቱ ሴቶች ይዋደዳሉ። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን የሆነች ጊዜ ሆስፒታል ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ ያደረችው የእሱ ሚስት ናት። ሻይ አብረው ይጠጣሉ፣ ተምር አብረው ይበላሉ፣ ልጆቻችንን አብረው አሳድገዋል። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ባለቤቴ በዚያ ቤት ተቀምጣ የበሰለ ምግብ ስትበላ አላየሁም። ማንም ቅር አይለውም ነበር። እንዲህ ኖርን፤ ልክ ነው ብለን ኖርን።

አሁን ወደ ዓሣው ልመለስ። በዓቢይ ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ያላለቀ ክርክር ነው። እናቴ በድሮው ባቡር ጣቢያ ጎን ስታሳድገን በጾም ዓሣ ታበላን ነበር፤ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉ ይበላ ነበር። ባለቤቴ «የእናትህን ጾም ለእናትህ ተውላት» ትላለች። በእኛ ቤት የባለቤቴ ጾም ነው የሚጾመው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ዓቢይ ጾምና ረመዳን እየተገጣጠሙ መጡ፤ ወሩ ባሕሩ ረጋ የሚልበት፣ ሙቀቱም ገና ያልበረታበት ስለሆነ ከቤት መዋል አይቻልም። እንሄዳለን፣ እንይዛለን፤ ግን የሚበላው የለም። እሱ ለማፍጠሪያ አንድ ዓሣ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሲመጣ «ልቀቀው» ተባባልን።

መልቀቅ ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ያን ጊዜ የያዝነው እዚህ ፈረንሳይኛ የለመደው ሁሉ ሜሩ የሚለውን፣ ከጥልቁ ድንጋይ ሥር የሚኖረውን አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። መንጠቆውን ነቅለን ውሃው ላይ አስቀመጥነው። አልሄደም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ጨጓራው በአፉ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ። ጅራቱን ወደ ታች ለመሄድ ይመታል፤ ሆዱ መልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል። «ሞተ» አለ ጎረቤቴ። አልሞተም፣ ጉንጩ ይንቀሳቀሳል አልኩት። ወዲያው አንድ የባሕር ወፍ መጥታ ዓይኑን መንቆር ጀመረች። ጎረቤቴ በቁጣ መቅዘፊያውን አንስቶ ሲሰነዝርባት ሁለታችንም ከዓሣው ጎን ከመንሳፈፍ ለትንሽ ተረፍን።

መልሰን አውጥተን ይዘነው ገባን፤ ማታ በላው። ግን ሲነጫነጭ ከረመ። «ሂድ ብዬ የሸኘሁትን ነው የበላሁት» ይለኛል። «እንግዳን በር ድረስ ሸኝቶ መልሶ እንደማሰር ነው።»

መፍትሔው የመጣው ከጭነት መኪናዎቹ ነው። ሁለታችንም ከላይ አገር የሚወርደውን ዕቃ ስናራግፍ የኖርን ሰዎች ነን፤ አዲስ አበባ ላይ ጠጥተው የከደኑት ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ጅቡቲ ሲደርስ ተጨምድዶ እንደሚወርድ እናውቃለን። ከዚህ ታሽጎ ሽቅብ የሚሄደው ነገር ደግሞ መንገድ ላይ ይነፋል። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን የተጨመደደ ጠርሙስ በእጁ እያገላበጠ ድንገት ሳቀ። «ዓሣው እኮ ሽቅብ ነው የመጣው!» አለ። «ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ነው የተነፋው። ወደ መጣበት ካወረድነው ይጨመደዳል፤ ከዚያ ራሱ ይሄዳል።» ልክ ነበር፤ የቀረው ማውረጃ ብቻ ነው።

ማውረጃውን ከሱቁ ዕቃ ሠራነው። ሽንኩርት የሚመጣበትን ቀዩን የመረብ ከረጢት ወስደን አፉን በወፍራም ሽቦ ክብ አድርገን ከፈትነው። ሽቦው ላይ ዙሪያውን የሚዛን ድንጋዮች አሰርን፤ ኤሌክትሪክ ሚዛን ከመጣ ወዲህ ሱቁ ጥግ የተጣሉትን፣ ከብረት የተሠሩትን። ከረጢቱን ገልብጠን፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ገመዱን ከቂጡ ላይ ቋጠርን። ዓሣው ከሥር ይገባል፤ ሆዱ ወደ ላይ ስለሚገፋው ከረጢቱ ውስጥ ይቆያል፤ ብረቱ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ሆዱ ይሟሽሽለትና በተከፈተው አፍ ወጥቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ከረጢቱ ባዶውን ሲወጣ ጎረቤቴ ውስጡን በእጁ ዳሰሰ፤ ዓይኑን አላመነውም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ተከፋፈልን፤ እጁን በውሃ አርሶ መንጠቆ የሚነቅለው እሱ፣ ገመድ የሚቋጥረውና የሚያወርደው እኔ። ዓሣውን ብዙ ሳናቆይ፣ ጉንጩን ሳንነካ፣ ሆዱን ሳንወጋ። እሱ ከረጢቱ በወረደ ቁጥር «ወደ ቤትህ ግባ» ይለዋል።

ባለፈው ዓመት፣ ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ሳሉ፣ ሱቁን ሸጠ። ልጁ ድሬዳዋ ልትወልድ ነው፤ ሚስቱ ልጇ ጋ መሆን አለባት፤ ከገቡ ደግሞ መመለስ የለም። ባቡሩ ቅዳሜ ጠዋት ከነጋድ ጣቢያ ይነሣል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር እንሂድ ተባባልን።

እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከነከነኝ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ሳንበላላ መለያየታችን ነው። ይህን ያህል ዓመት ቆመን ዓሣ ጠብሰናል እንጂ አራታችን አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን አናውቅም። እኛ አገር ደግሞ አብሮ ማዕድ ያልቆረሰ ሰው የሚያውቁት ሰው ነው እንጂ ወዳጅ አይባልም። አሁን ሊሄድ ሲል የመጨረሻው ማታ በሁለቱ ጾም ላይ ዋለ፤ ያችው አንድ የምንጋራት ነገር፣ ዓሣውም፣ ለእኛ ቤት ተከለከለች። አሰብኩ፣ አሰብኩና ለብቻዬ ቆረጥኩ። ትልቅ ዓሣ እይዛለሁ፤ ሲያፈጥር አብሬው ቁጭ ብዬ እበላለሁ፤ ባለቤቴ ባትበላም አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የነፍስ አባቴ የሚሉትን ይበሉኝ።

ያን ቀን ነፋሱ ተኝቶ ነበር። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ቀዘፍን። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል። መቀመጫዬ ሥር ውሃ ነበረኝ፤ ሰዓቱ ደርሶ ለእኔ ተፈቅዶልኛል፤ ግን በፊቱ መጠጣት አልሆነልኝም። ሳይዞር አወቀብኝ። «ጠጣ እንጂ፤ አንተን ማን ያዘህ?» አለኝ። አልጠማኝም አልኩት። «ውሸታም» አለና መቅዘፉን ቀጠለ።

ብዙ አልቆየንም፤ የእኔ ክር ወደ ታች ሄደ። መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ፤ ከዚያ ድንጋዩ ራሱን ነቀነቀ። እጄን እየቆረጠኝ ሳብኩ፤ እሱ ታንኳዋ እንዳትገለበጥ በሌላ ጎን ተጋድሞ «ቀስ፣ ቀስ!» ይላል። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ትግሉን ተወ፤ ሆዱ እየተነፋ መሆኑ ገባን። ብቅ አለ። በሕይወታችን ካየናቸው ሜሩዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከጭኔ ላይ አድርጌው አፉ አንድ ጉልበቴ ላይ፣ ጅራቱ ከሌላው ጉልበቴ አልፎ ውሃ ላይ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ለዛሬ ማታ ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኛ ነዋ። ለአራታችን።»

ቀስ ብሎ፣ ታንኳዋን እየጠበቀ፣ አንገቱን አዞረ። «አንተ ጾም ላይ አይደለህም እንዴ?»

«ያ የእኔ ጉዳይ ነው።»

«ሚስትህስ?»

«እሷ ትቀመጣለች። መቀመጥ አያስገድፍም።»

«አቦ፣ ስጠኝ መንጠቆውን ልንቀልለት» አለና ፒንሳውን አነሳ።

«አትነቅልም።»

«እነቅላለሁ።»

ሁለት ቦርጫም ሰዎች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንዲት ታንኳ ላይ፣ መካከላቸው ዓሣ አስቀምጠው ሲጣሉ ያየ ሰው ቢኖር ለአምቡሊ የዓመት ወሬ ይሆን ነበር። «ነገ ትሄዳለህ» አልኩት። ድምፄ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። «ነገ ትሄዳለህ፤ እኔ ከአንተ ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳልበላ ልሸኝህ ነው? አይገባኝም?»

«ወላሂ ይገባሃል። በዚህ ዓሣ ግን አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ከመቼ ወዲህ ነው የነፍስ አባቴ የሆንከው?»

«ዛሬ ጠዋት ተሾምኩ» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ተቀየምኩት። የምሰጠውን ነገር አይቶ የማይቀበለኝ መሰለኝ፤ ጾሜን ለእሱ ብዬ ላፈርስ ስነሣ እሱ ጻድቅ ሆኖ የቆመብኝ መሰለኝ። ዓሣው ግን የእኛን ጭቅጭቅ የሚጠብቅበት ትንፋሽ አልነበረውም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ዓይኑ ፈጥጦ ወደ ሰማይ ያያል። ጎረቤቴ በመዳፉ ውሃ እየጨለፈ ጉንጩ ላይ ያፈስስለታል፤ የራሱ ምላስ ከላንቃው ተጣብቆ ቃል እየተቆራረጠበት። «ወንድሜ» አለኝ በመጨረሻ፣ ለስለስ ብሎ፣ «እባክህ። ምክንያት አለኝ። አትጠይቀኝ፤ ምያለሁ።»

ጭኔን ከፈትኩለት። መንጠቆውን ነቀለ።

ከረጢቱን ገልብጬ ዓሣውን ከሥር አስገባነው፤ ለመግባት እንኳ ጠበበው። ገመዱን ለቀቅኩ። ወረደ፣ ወረደ፣ ገመዱ አለቀ። ጠብቄ ነቅነቅ አደረግሁት፤ እንደከበደ ነው። ስናወጣው ዓሣው አሁንም ውስጥ አለ። ከሌሎቹ ሁሉ ከጥልቅ የመጣ ስለሆነ ያ ገመድ አልበቃውም። በቅርብ ወፎቹ መሰብሰብ ጀመሩ። «ተወው፣ አለቀለት፤ እንውሰደው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤቴ ግን የመልሕቁን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ጠብታ ውሃ ያልቀመሰ ሰው ነው። ሁለቱን ገመድ ሊያያይዝ ሞከረ፤ ተፈታበት። እንደገና ሞከረ።

«አምጣው» አልኩት። «ቋጠሮ የእኔ ሥራ ነው።»

አጥብቄ ቋጠርኩት፤ ገመዱን ለቀቅኩ። ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻው ወረደ። ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ጠበቅሁ። እሱም መጥቶ ከእጄ በታች ያዘው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ተንቀጠቀጠና ገመዱ በእጃችን ላይ ቀለለ። ስንስበው ከረጢቱ ባዶውን፣ ቀዩ መረብ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ጎረቤቴ እንደ መጀመሪያው ቀን ውስጡን በእጁ ዳሰሰ። «ወደ ቤትህ...» ብሎ ሳይጨርሰው ክንዱን ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔ የተቀየምኩ ሰው ስለነበርኩ ወደ ወደቡ ክሬኖች አየሁ።

እስከ ዳርቻው ቀዘፍን። ካያኳን ፒክአፑ ላይ አሰርናት። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

«ቶሎ ታጠብ፤ ተጠርተናል» አለችኝ።

«የት?»

«እነሱ ቤት። ለማፍጠሪያ ኑ አሉን።»

«ምን ሊያበሉን?»

«ልበላ ነው እንዴ የምሄደው? ተምር እቀምሳለሁ፤ ልሰናበታት ነው።»

በዚያችው በር ገባን። ቤቱ ታስሮ አልቋል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሻንጣና ካርቶን ጥግ ጥጉን ይዟል። ወለሉ ላይ አንድ ሰሌን፣ አንድ ትልቅ ትሪ። አራታችን ተቀመጥን። አዛን ሲል ጎረቤቴ አንድ ተምር አንስቶ፣ ከዚያ ውሃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። እኔም ያን ጊዜ ጠጣሁ። ሰግደው ሲመለሱ ሚስቱ ከጓዳ ድስት ይዛ ወጣች። ትሪው መካከል አላስቀመጠችውም። ባለቤቴ ፊት አስቀመጠችው፤ ካስቀመጠችው በኋላ ደግሞ በጨርቅ ይዛ ቀስ ብላ አዞረችው።

ድስቱ ጎን ላይ የሱቅ ወረቀት ተለጥፎበታል። አንዱ ጫፉ በእሳት ጠቁሯል፤ የቀረው እንዳለ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የገዛሁት» አለች፤ ስትናገር ባለቤቴን አታያትም፣ ወረቀቱን ነው የምታየው። «ማማሰያውም አዲስ ነው፤ ዘይቱንም አሁን ነው የከፈትኩት። ምስር ነው። ሳምቡሳውም የምስር ነው። ሥጋ አልነካውም፣ ቅቤ አልነካውም።» ከዚያ በዓይኗ ወደ ባሏ አመለከተች። «ዓሣም አልነካውም። ይሄ ሰውዬ ዓሣ ይዞ ከገባ አዲሱ ድስቴ ምን ይሆናል ብዬ ጠዋት አስምዬዋለሁ።»

ጎረቤቴን አየሁት። ትከሻውን ወደ ላይ አደረገ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ለአንተ መንገር ለሚስትህ መንገር ነው» አለ። «እሷ ቀድማ ብትሰማ ደግሞ ‹አትድከሚ› ትልና ትቀር ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ትቀር ነበር። እኔ ባሕር ላይ ሆኜ ዓሣውን አጥብቄ ስይዝ ይህን ማዕድ ነው በእጄ ልገፋው የነበረው። እሱ ደግሞ ተጠምቶ፣ ተሰድቦ፣ የሕይወቱን ትልቅ ዓሣ ወደ ታች የሸኘው ለዚህ ድስት ነው።

ባለቤቴ ግን እኛን አልሰማችንም። ወረቀቱን እያየች ነበር። «ለምን አልላጥሽውም?» አለቻት።

«እንድታይው ነዋ» አለች የጎረቤቴ ሚስት።

ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። እጇን ታጠበች። በስመ አብ ብላ አማተበች፤ እነሱ ቢስሚላህ አሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ቆረሰችና ለራሷ አላደረገችውም፤ ለጎረቤቷ አጎረሰቻት። ከዚያ በላን። ቁጭ ብለን፣ ከአንድ ትሪ፣ እስክንጠግብ በላን። ሁለቱ ሴቶች እያለቀሱ ይሳሳቃሉ፤ ጎረቤቴ በአራተኛው ሳምቡሳ ላይ ስለ ዓሣው መጠን መዋሸት ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ነጋድ ድረስ ሸኘናቸው። ከረጢቱን ከነሚዛን ድንጋዩ ትቶልኝ ሄደ፤ አሁንም እየወሰድኩት እወጣለሁ። ሲደውል ከልጅ ልጁ ወሬ በፊት የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። ድስቱን ደግሞ ሚስቱ ከግቢው በር ላይ ለባለቤቴ ሰጠቻት።

ድስቱ እኛ ቤት አሁንም የምስር ነው፤ ፋሲካ መጣ፣ ገና መጣ፣ ሥጋ አልገባበትም። አንድ ቀን ሌላው ድስት ሁሉ ተይዞ ሥጋ ልጥድበት ስል ባለቤቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «እነሱ ሲመጡ በምን ልሠራላቸው ነው?» አለችኝ። ስታጥበው ደግሞ አያታለሁ፤ ዙሪያውን ትፈትግና ወረቀቱ ጋ ስትደርስ ትዘለዋለች።